የጨመርነው ደመና

በቴሌቪዥን የሚሰማው የሽማግሌው ድምፅ የኔ ነው። ልጆች የሚስቁለት፣ መነጽሩን በጣቱ ወደ ላይ እየገፋ «አልጋዬ ላይ ማን አለ?» የሚለው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ሸዋ ሮቢት ባጃጅ እነዳ ነበር። ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ፣ አፌ ግን አላቆመም። ይሄን የምጽፈው እወቁኝ ብዬ አይደለም። ልጅ ያለው ሰው፣ በተለይ ቆላ ወንዝ ዳር ልጅ ያለው ሰው፣ ያ ድምፅ የሚለውን እንዳያምን ብዬ ነው። ድምፁ ይዋሻል። የዋሸሁት እኔ ነኝ። አብረውኝ የዋሹም አሉ፣ እነሱ ላይ ቀስ ብዬ እመጣለሁ።

መጀመሪያ መጽሐፏ ነበረች። እኛ ሠፈር ያደገ ሁሉ ያውቃታል። ሁለተኛ ክፍል ስንገባ የምትሰጠን ቀጭን መጽሐፍ፣ ወረቀቷ አመድ የመሰለ፣ ስዕል የሚባል ነገር የሌላት፣ ለሦስት አንድ የምትደርሰን። የጻፏት እዚሁ ከተማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ ሰውዬ ናቸው። እናቴንም አስተምረዋል፣ እኔንም አስተምረዋል። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ደጋ ላይ፣ ገደሉ አፋፍ፣ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ይኖራል። ስሙ ደራሽ ነው። አልጋው ግን ደጋ አይደለም፣ ቆላ ነው፤ እኛ ጋ ያለው የወንዙ አሸዋ። በጋውን አልጋውን ትቶት ይከርማል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ፍየል ይውልበታል። ደጋ ሲዘንብ እንቅልፉ ይመጣና ወደ አልጋው ይወርዳል። እኛ ጋ ፀሐይ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ የዘንባባ ቅጠል የሚያህል ደመና እንኳ የለም። እሱ ግን እየመጣ ነው። ጨዋ ስለሆነ መልእክተኛ ይልካል። መጀመሪያ እንቁራሪቶቹ ዝም ይላሉ። ቀጥሎ ዝናብ ሳይኖር የራሰ አፈር ይሸታል። ከዚያ በወንዙ ውስጥ ለውስጥ ቀዝቃዛ ነፋስ ይወርዳል። ከነፋሱ በኋላ መልእክተኛ የለም፣ ራሱ ነው። ልጆቹ ሮጠው ይወጣሉ። አንዱ ግን ግልገሉን ረስቶ ነበርና ይመለሳል። ሽማግሌው አያየውም። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አያይም፣ በቃ። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አለ፤ «ልጁም አልተመለሰም» ይላል። ከዚያ በታች ባዶ ወረቀት ነው።

እኔ ያንን ባዶ ወረቀት እያየሁ ነው ያደግኩት። ንባብ አልሆንልኝ ብሎ ነበር፣ ያቺን ግን በቃሌ ያዝኳት። ወንዝ ስንወርድ ጆሯችን እንቁራሪቶቹ ላይ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ጓደኛችን «ዝም አሉ» ብሎ ጮኸና ስንዋኝ የነበርን ልጆች በሙሉ ሱሪያችንን ትተን ወጣን። ምንም አልመጣም። ራቁታችንን ዳር ላይ ቆመን ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አንድም ሰው በልጁ አልሳቀም።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሰዎች መጡ። የቆዩ የልጆች መጻሕፍትን እየፈለጉ ካርቱን የሚሠሩ፣ በቴሌቪዥን የሚያሳዩ፣ ከዚያ በስዕል መጽሐፍ የሚያሳትሙ ሰዎች ናቸው። ሁለት ነበሩ፤ ዳይሬክተሯና ሰዓሊው። እሷ ከኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ፈገግታዋ የማያልቅ ልጅ ናት። የጋሼን ቤት ሲያጠያይቁ የኔ ባጃጅ ላይ ወጡ።

«መጽሐፏን አንብበሃታል?» አለችኝ ከኋላ።

«በቃሌ ነው የማውቃት።»

«ባክህ።»

«ከየት ልጀምርልሽ?»

ከመናኸሪያው እስከ ጋሼ በር ድረስ፣ በየጉድጓዱ እየዘለልን፣ አወራሁላት። ሽማግሌው ጋ ስደርስ ድምፄን አወፈርኩት፣ ጎተትኩት። ስንቆም ዞር ብዬ ባይ ስልኳን ጆሮዬ ሥር አድርጋ ትቀዳለች።

«እንደገና በለው» አለች።

«ለድጋሚው ሂሳቡ ሌላ ነው።»

ሳቀች። እኔም ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ «እንደገና በለው» ያለኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ሌላው ሁሉ «ዝም በል» ነው የሚለኝ።

ጋሼ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ማሾ ይለቅማሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ጠጠሩን በጣታቸው ነው የሚያገኙት። ዳይሬክተሯ ረጅም ነገር ተናገረች፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ባህል፣ የቆየ ነገር ስለመጠበቅ። እሳቸው መልቀማቸውን አላቆሙም። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ምን ልትሆን መጣህ?»

«ሾፌር ነኝ ጋሼ።»

«የሽማግሌውን ድምፅ እሱ ነው የሚሠራልን» አለች ልጅቷ።

«ይሄ? ይሄ ከክፍል ስንቴ ያስወጣሁት ለፍላፊ?»

«አሁን በደመወዝ ልለፈልፍ ነው» አልኳቸው።

አልሳቁም። ተነሡና ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ፣ በሩን ገፋ አደረጉት።

«ልጁ ወንድሜ ነው» አሉኝ።

«የቱ ልጅ?»

«የተመለሰው። ግልገሉን ብሎ። ታናሼ ነበር። እኔ ወጥቼ ዳር ላይ ቆሜያለሁ፣ እጁን ይዤዋለሁ። ለቀቀኝ። ሰማዩ ልክ እንደዛሬው ነበር። አባቴ ሦስት ቀን ቁልቁል ፈለጉ። ያገኙት ግልገሏን ነው።»

በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

«ሁለት ነገር ነው የምጠይቅህ» አሉ። «ሰማዩ እንደጠራ ይሁን። ልጁ ከውሃው እንዳይመለስ። ሌላውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት፣ ቀለምም ዘፈንም ጨምሩበት፣ ምንም አልል።»

«እሺ ጋሼ።»

«እሺህን አውቃታለሁ። ከክፍል ስትወጣም እሺ ነበር የምትለኝ።»

«ወላሂ» አልኳቸው።

«በል እንግዲህ። ወላሂ ብለሃል።»

ከዚያ ቤት ስወጣ ልጅቷ «ምን አሉህ?» ስትለኝ «መረቁኝ» አልኳት።

አዲስ አበባ ወሰዱኝ። ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ፣ የሰው ድምፅ የሚሞትበት ክፍል አላቸው። ከመቅዳታችን በፊት ግን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የታሪኩን ጽሑፍ ያዩታል፣ እኔም አገሩን የሚያውቅ ተብዬ አብሬ ተቀመጥኩ። ሥራቸውን ማላመድ ይሉታል፤ የድሮውን ታሪክ ለዛሬ ልጅ ማላመድ። እኛ ጋ የሚላመደው ወይፈን ነው፣ ቀንበር እንዲሸከም። አልኳቸው ይሄን፣ ሳቁልኝ። በጣም ነበር የሚስቁልኝ።

«ዓይነ ስውር መሆኑ ልጆቹን ያስፈራቸዋል» አለች ዳይሬክተሯ።

«ማየት የማይችሉ ሰዎችም ይቀየሙናል» አለ ሰዓሊው። «መነጽር እናድርግለት።»

እዚያው ሣለለት። ትልቅ፣ ክብ፣ ዙሪያው ቀይ። ያምርበት ነበር፣ እኔም ሳቅኩ። እዚያ ላይ ነው መሳቅ ያልነበረብኝ። ሽማግሌው መነጽር ካለው ያያል። ካየ ልጁን ያየዋል። ልጁን እያየው እንዴት ዝም ብሎ ይወስደዋል? እንግዲያው ያንሳው። በመዳፉ ያንሳው፣ ግልገሏንም በሌላው መዳፍ፣ ዳር ላይ ያስቀምጣቸው። አንዱ ሌላውን ጎተተው። ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም፣ ቢኖር ኖሮ እጣላው ነበር።

ቀጥሎ ሰማዩ ላይ ደረስን።

«እዚህ ጋ ችግር አለ» አለ ሰዓሊው። «ፀሐይ ነው፣ ከዚያ ጎርፍ ነው። ውሃው ከየት መጣ?»

«ከደጋ» አልኩት።

«ለልጅ እንዴት ይገባዋል?»

«እኛ በሰባት ዓመታችን ገብቶናል።»

«እናንተ እዚያው ናችሁ። የሐዋሳው ልጅስ? ዝናብ ሳያይ ጎርፍ ካየ እኛ የተሳሳትን ነው የሚመስለው።»

«ጣርማበር ላይ ይዘንባል፣ እኛ ጋ ፀሐይ ነው፣ ውሃው ይመጣል። ከመወለዴ በፊትም እንደዛ ነው። ምኑ ነው የሚከብደው?»

«የኔ ወንድም» አለች ዳይሬክተሯ፣ በደግነት፣ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ፣ «የሚሆነው ነገርና ሰው የሚያምነው ነገር ይለያያል።»

እስክሪብቶ አንሥታ ከተራራው በላይ አንድ ጥቁር ደመና አደረገች። ከጎኑ ሌላ። ከዚያ ሰዓሊው ተቀበላትና ሰማዩን ሞላው። እንቁራሪቶቹን አልነኳቸውም፣ እንዲያውም ዘፈን ሰጧቸው። የአፈሩ ሽታ ግን ከታሪኩ ወጣ። ቴሌቪዥን አይሸትም ተባለ።

«ለጋሼ ምዬላቸዋለሁ» አልኩ።

«እሳቸው እኮ ፈርመዋል» አለች። «እንዴት እንደምናሳየው የምንወስነው እኛ ነን፣ ወረቀቱ ላይ አለ።»

የውሉን ወረቀት ሲፈርሙ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ያቺን መስመር አንብቤላቸዋለሁ ወይ? አንብቤያለሁ። ቶሎ ነው ያነበብኩት። አፌ ፈጣን ነው፣ እሳቸው ደግሞ አምነውኛል።

ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፣ በሩ አልተቆለፈም። ስፖንጁ ክፍል ውስጥ ገብቼ ማይኩ ፊት ቆምኩና «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ብትመለስም እኔ አወጣሃለሁ» አልኩ። ጥሩ አይደለም ተባለ። ደገምኩት። ከስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ከመስታወቱ ወዲያ ሁሉም አጨበጨቡ።

ጥር ላይ መታየት ጀመረ፣ ቅዳሜ ጠዋት። እህቴ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ቀወት ገጠር በሚወስደው መንገድ፣ ወንዙ ዳር ነው የምትኖረው፤ ባሏና እሷ ማሾና ሽንኩርት ያለማሉ። ቴሌቪዥን ስላላቸው የጎረቤት ልጅ ሁሉ እነሱ ቤት ይሰበሰባል። ልጇ ስድስት ዓመቷ ነው። ድምፄን ስትሰማ ቆማ «አጎቴ ነው፣ አጎቴ ነው» ትላለች፣ ለሌሎቹ አላሳይ ትላለች። መንገድ ላይ ልጆች ባጃጄን እየተከተሉ «ደራሽ፣ ደራሽ» ይሉኛል። ተሳፋሪ በድምፁ ካላናገርከኝ አልወርድም የሚል አለ። ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋሼ ቴሌቪዥን የላቸውም። አንድ ቀን መስጊድ በር ላይ አገኘኋቸው።

«ሰማዩ እንዴት ሆነ?» አሉኝ።

«ጥሩ ሆኗል ጋሼ» ብዬ ሞተሩን አስነሣሁ።

የካቲት መጨረሻ አካባቢ እህቴ ጋ ሄድኩ። ልጆቹ ወንዙ ውስጥ ናቸው። አሸዋ ከምረው፣ አንዱ በሽቦ መነጽር ሠርቶ ሽማግሌ ሆኗል፣ ሌሎቹ ይተኙና እሱ በክንዱ እያነሣ ዳር ያወጣቸዋል። ቆሜ ሳይ ድንገት እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። ጆሮዬ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ዝም። ልጆቹም ሰምተዋል፣ የእህቴ ልጅ ቀና አለች። ቀና ብላ ግን ዳሩን አላየችም። ሰማዩን አየች። ከዚያ ተመልሳ ተኛች።

«ውጪ ከዚያ» አልኳት።

«ደመና የለም እኮ አጎቴ» አለችኝ።

የዚያን ቀን ውሃ አልመጣም። እንቁራሪቶቹ ለምን ዝም እንዳሉ አላውቅም። ልጆቹን አባርሬ ለእህቴ ነገርኳት።

«እትዬ፣ ወንዝ አትስደጃቸው።»

«ምን ላድርጋቸው? አስሬ ላስቀምጣቸው? እኛስ የት ነው ያደግነው?»

«እኛ ስንሸሽ ነው ያደግነው።»

«አንተ ድምፅህን ሸጠህ መጥተህ እኔን ልጅ ማሳደግ ታስተምረኛለህ?» አለች። እየሳቀች ነበር፣ እየቀለደች ነው። ሽንኩርቷን ወደ መኮትኮት ተመለሰች።

ከዚያ ቀን በኋላ የበልጉ ዝናብ ደጋ ላይ በረታ። ከባጃጅ መሪ ላይ ሆኜ ወደ ጣርማበር አያለሁ፣ ተራራው ጠዋት ይታያል፣ ከሰዓት ይሸፈናል። ከተማው ላይ ጠብታ የለም፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ተሳፋሪዎች «ምን ታያለህ፣ ፊትህን እየው» ይሉኛል።

መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ እህቴ ቤት በታች ባጃጄን ወንዙ ውስጥ አስገብቼ እያጠብኩ ነበር። ሁሉም ሾፌር እዚያ ነው የሚያጥበው። ትንሽ ከኔ በላይ የሠፈሩ ልጆች አሉ፣ ስምንት ይሆናሉ፣ ፍየሎችም አብረው አሉ። ሙዚቃ ከፍቼ ስለነበር እንቁራሪቶቹን አልሰማሁም። እኔን ያገኘኝ ሽታው ነው። አሁን የተኮተኮተ፣ ውሃ የጠጣ አፈር። ሰማዩን አላየሁም። ሙዚቃውን ዘጋሁት። ምንም ድምፅ የለም።

«ውጡ» ብዬ ጮህኩ። «ውጡ፣ መጣ።»

ሳቁ። ድምፄ ነዋ። ሁልጊዜ ቅዳሜ «መጣሁ» እላቸዋለሁ።

«በሽማግሌው በለው» አለኝ አንዱ።

ድንጋይ አነሣሁ። የመጀመሪያው አጠገባቸው አሸዋው ላይ ወደቀ፣ ሁለተኛው የአንዱን ልጅ ቁርጭምጭሚት መታው። ያኔ አመኑ። እየጮሁ፣ እየሰደቡኝ፣ ወደ ዳር ሮጡ። እኔም ሮጥኩና የእህቴን ልጅ እጇን ይዤ ወደ ላይ ሳብኳት። ወጣን። ነፋሱ ወረደ። መጋቢት ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ክንዴ ላይ ፀጉሬ ቆመ።

«ግልገሌ» አለች። ግልገሏ ማዶ፣ ቁርቁራው ዛፍ ሥር፣ ቅጠል ትቀነጥባለች።

«ተያት።»

«ላምጣት። እሱ ያወጣኛል።»

በደንብ አስታውሰዋለሁ። አልፈራችም። ዳቦ ልትገዛ የምትላክ ያህል ነው ያለችው። እጇ በላብ ያንሸራትት ነበር፣ ሾለከችና ወረደች። እኔም ወረድኩ። ቀድሞ የታየኝ ውሃ አይመስልም፣ ግንድና ገለባ የሚጎትት ቡኒ ግድግዳ ነው፣ ድምፁ ከኋላ ነው የሚመጣው። አሸዋው መሃል ላይ በቀሚሷ ያዝኳት። ወደ ማዶው ይቀርበን ስለነበር ወደዚያው ወረወርኳት ማለት ይቀላል። የቁርቁራው ሥር ላይ ተንጠላጠለች፣ እሾሁ ፊቷን ቧጠጣት። እኔን እግሬን አንድ ነገር መታኝና ጉልበቴ ታጠፈ፣ በክርኔ ወጣሁ። ዞር ስል ባጃጄ እንደ ጣሳ ተገልብጣ ትሄዳለች። ግልገሏን አላየኋትም። ከላያችን ሰማዩ ሰማያዊ ነበር፣ ፀሐይዋ ዓይን ትወጋለች።

አላለቀሰችም። ያ ነው ዛሬም የሚይዘኝ። ከኔ ደም እየፈሰሰ ነው፣ ማዶ ሰው እየተሰበሰበ ይጮሃል፣ እሷ ዳር ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ውሃውን ታያለች።

«ምን ታያለሽ?»

«አሁን ያመጣታል።»

ውሃው ጎደል እስኪል ሁለት ሰዓት ፈጀ። እህቴ በድልድዩ ዞራ መጣች። አቀፈቻት፣ መታቻት፣ እንደገና አቀፈቻት። ልጅቷ ከእናቷ ክንድ ሥር አንገቷን አውጥታ ወደ ውሃው ታያለች።

«ቆይ እማዬ፣ አትሂጂ። መነጽሩን ጥሎት ይሆናል፣ እየፈለገ ነው።»

እህቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። አልጮኸችም።

«ንገራት» አለችኝ።

«ምን ልበላት?»

«አንተ አይደለህ ያልካት? አንተ ንገራት።»

«አያመጣትም» አልኩ። «ማንንም አያመጣም። እኔ ነኝ ውሸቴን ያልኩት።»

ልጅቷ አየችኝ። «እሺ» አለች፣ ልክ ትልቅ ሰው ላለመጨቃጨቅ እንደሚለው። ተመልሳ ውሃውን ማየት ጀመረች። እናቷ ተሸክማት እስክትሄድ ድረስ እንደዛው ነበረች።

እግሬ ከታሰረልኝ በኋላ በዱላ እያነከስኩ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ሰምተዋል። ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ ግማሹ ጀግና ይለኛል፣ ግማሹ ልጅ በድንጋይ የሚመታ እብድ ይለኛል። ስድብ ጠብቄ ነበር።

«ስንት ልጅ አይቶታል?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ። አገሩ ሁሉ።»

ማብራራት ጀመርኩ፤ መነጽሩን፣ ሰዓሊውን፣ ወረቀቱን። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«መጽሐፏን ስጽፍ እናቴ በሕይወት ነበሩ» አሉ። «እያነበብኩላቸው መጨረሻው ላይ ስደርስ እጄን ይዘው ለመኑኝ። ልጄን መልሰው፣ ወረቀት እኮ ነው፣ ምን ይጎድልሃል አሉኝ። አልመለስኩትም። እስኪሞቱ ድረስ አላናገሩኝም ማለት ይቻላል።» ወደ እኔ ፊት ሳይሆን ወደ ድምፄ ነበር የሚያዩት። «ለእናቴ ያልመለስኩትን ልጅ አንተ መለስከው።»

ይቅር በሉኝ አልኳቸው። እስካሁን ምንም አላሉኝም።

ለዳይሬክተሯ ደወልኩ። ስትሰማ አለቀሰች፣ እውነተኛ ለቅሶ ነው፣ ስለ ልጅቷ ደጋግማ ጠየቀችኝ።

«የስዕል መጽሐፉ ላይ ሰማዩን አጥሩት» አልኳት። «ልጁን አትመልሱት።»

«ታትሟል እኮ። ወጥቷል። እንዲያውም ለናንተ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ነው ቅድሚያ የሰጠነው፣ ታሪኩ የናንተ ስለሆነ። በነፃ ነው የላክነው።»

«ሰብስቡት።»

«ሁለተኛው ዕትም ላይ ማሳሰቢያ እናስገባለን። ቃል እገባልሃለሁ።»

«ወንዙ ሁለተኛ ዕትም ይጠብቃል?»

«ስለ ደረሰባችሁ ነገር በጣም አዝናለሁ» አለች። ስልኩን ዘጋሁት። ቅዳሜ ሲደርስ እንደገና ታየ።

ስለዚህ በእግሬ ጀመርኩ። ባጃጅ የለኝም። ከመንገዱ በታች ያሉትን ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ እየዞርኩ፣ ርእሰ መምህራኑን እየለመንኩ፣ ለትንንሾቹ ክፍል እንድናገር እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ በደስታ ያስገቡኛል። የቴሌቪዥን ሰው ነኝ።

ባለፈው ሳምንት የሄድኩበት ትምህርት ቤት መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ተደርድሯል፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሽፋኑ ላይ ደመናው ጥቁር ነው። ሁለተኛ ክፍል አስገቡኝ። መምህሯ «ደራሽ መጣላችሁ» አለች፣ ጭብጨባው ጣሪያውን አነሣው። ቆሜ ነገርኳቸው። ሽማግሌው አያይም አልኳቸው። ሳቁ። መነጽር የለውም፣ እኛ ነን ያደረግንለት አልኳቸው። የበለጠ ሳቁ። ስለ እንቁራሪቶቹ፣ ስለ ሽታው፣ ስለ ነፋሱ ነገርኳቸው፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ሰማዩን እንዳታምኑት አልኳቸው። ፊት ወንበር ላይ ያለው ልጅ «አንዴ በድምፁ» አለ። ያኔ ተናደድኩ። ስለ ጋሼ ወንድም ነገርኳቸው። አባትየው ሦስት ቀን ምን እንደፈለጉና ምን እንዳገኙ ነገርኳቸው። ስለ እህቴ ልጅ፣ ዳር ላይ ስለጠበቀችው ነገርኳቸው። አንዷ ማልቀስ ጀመረች፣ ሁለት ሌሎች ተከተሏት።

መምህሯ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ።

«ልታስፈራራቸው ነው እንዴ የመጣኸው?»

«አዎ።»

«ወላጆቻቸው ምን ይሉኛል?»

«ስንቱ ፈራ?»

«ጤነኛ ነህ ግን?» አለችኝ። በሩን ዘጋችው። በመስኮቱ አየሁ፤ ሦስቱ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ ሌሎቹ ወደ ጨዋታቸው ተመልሰዋል። ከስልሳ ልጅ ሦስት።

ግቢው በር ጋ እግሬን ላሳርፍ ተቀመጥኩ። እረፍት ሲደወል ቀድማ ያለቀሰችው ልጅ መጣችና ፊቴ ቆመች። ዓይኗ አሁንም ቀይ ነው።

«ቤታችን ወንዝ ዳር ነው» አለችኝ።

«እንግዲያው ሰማሽኝ አይደል? ስታውቂው ውጪ።»

«እኔ እወጣለሁ። የማትወጣው እህቴ ናት። ትንሽ ናት፣ ገና አልተማረችም።»

«ንገሪያት።»

«እኔን አታምነኝም። በቴሌቪዥን አይታዋለች።»

ቤታቸው የት ጋ እንደሆነ ጠየቅኳት። ከድልድዩ በላይ፣ ሦስተኛው ቤት፣ ፓፓያ ያለበት። ግንቦት እያለቀ ነው፣ ክረምቱ ደጋ ላይ ሊገባ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፕሮግራሙ ሳይጀምር፣ እዚያ እሄዳለሁ።